የአማቴ ገብስ ቡና፦ የቤተሰብን የጦርነት ትዝታ ልቦለድ ለማድረግ

አማቴ ጀርመናዊት ናቸው፤ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በልጅነታቸው አይተዋል። ለገጣፎ እኛ ጋ የመጡ ጊዜ እህቴ በረንዳ ላይ ቡና ስትቆላ ሽታው ደረሳቸውና ዝም አሉ። ቆይተው፣ «በጦርነቱ ጊዜ እናቴ የምትቆላው ገብስ ነበር» አሉ። እሱን እንደ ቡና አፍልተው ይጠጡት ነበር። የልቦለዴ የመጀመሪያ ገጽ ከዚያች ቃል ወጣ። እናንተም ከቤተሰብ ትዝታ ልትጽፉ ካሰባችሁ፣ ለእኔ የሠራልኝን ልንገራችሁ።

«ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ ሲባሉ ሰዎች የሚመልሱት ትምህርት ቤት የተማራችሁትን ነው። ይልቅ አብራችሁ ምስር ልቀሙ፣ ጎመን ቀንጥሱ፣ እጃችሁ ሥራ ላይ እያለ ስለ ምግብ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ መኝታ አንሱ። አማቴ የራሽን ካርዱ ትዝ ያላቸው ዳቦ ስቆርስ አይተው ነው። ካርዱ የወጣው ጦርነቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ነሐሴ 1931 ዓ.ም. ነው። ስልካችሁ ላይ ቅዱ፣ ግን አስፈቅዳችሁ።

ቀኑን አጣሩ። የጀርመኗን ከተማ ሃምቡርግን እሳት የበላት ሐምሌ 20 ለ21 አጥቢያ 1935 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ሰሞን የአየር ድብደባ ከ30 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። እኛ ሐምሌ ሲባል ዝናብና ጭቃ ነው የሚታየን። እዚያ ግን ሙቀት ነበር፣ ድርቀቱም እሳቱን አባብሶታል። ስለዚህ ወሩን ስትቀይሩ አየሩንም አብራችሁ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ወደ ምድር ቤት የምትሮጠውን እናት ሳታስቡት ጃንጥላ ታስይዟታላችሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ተራ ሰዎች ስለሆኑ ብቻ ንጹሕ አድርጋችሁ አትጻፏቸው። ከጥቅምት 1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሃምቡርግ አይሁዶች በናዚዎች በባቡር እየተጫኑ ተወሰዱ፣ ዕቃቸው በጨረታ ሲሸጥ ተራው የከተማው ሰው ገዛው። አማቴ ልጅ ሳሉ ቤታቸው አንድ ትልቅ ቁምሳጥን ነበረ። ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እናቴ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም» አሉኝ። ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ሁለት ቀን አስበው እሺ አሉ።

ልቦለድ ነውና መልሱን መፍጠር እችል ነበር። አልፈጠርኩም። እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ አታብራሩ፣ ዕቃውን ብቻ አሳዩ። በእኔ ታሪክ ልጅቷ ቁምሳጥኑን ስትከፍት የማታውቀው ስም የተጻፈበት የልብስ መስቀያ ታገኛለች። እናቷ ከእጇ ትወስደውና ምድጃው ውስጥ ትከተዋለች።