በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ እነዚህን አታድርጉ

"በነጻ ነው የምሠራው፤ ማን ይጠይቀኛል?" የሚል ወጣት ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። ብዙው ስህተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደሞዝ ስለሌለ ኃላፊነት የለም ማለት አይደለም።

ጀምሮ መጥፋት። ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። በክረምቱ በጎ ፈቃድ የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት ሊታደስ ወጣቱ ግር ብሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን ሞቅ ያለ ነው፤ ቲሸርቱ ይታደላል፣ ይዘፈናል፣ የዛገው ቆርቆሮ ወርዶ ግቢው ውስጥ ይከመራል። በማግስቱ የሚመጣው አራት አምስት ሰው ነው። ሐምሌ ላይ ደሴ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። እናትየዋ ትናንት ጣሪያቸው ያፈስ ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ ጣሪያ የላቸውም፣ አልጋቸውን በላስቲክ ሸፍነው ጎረቤት ሊያድሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ አዲሱ ቆርቆሮ፣ ሚስማሩና አናጺው ሳይገኙ አሮጌው ጣሪያ አይነካ። መምጣት ካልቻላችሁም ማታውኑ ደውሉ፣ ሰው ይተካ።

ዱቄት ይዞ ፎቶ መጠየቅ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም የወጡት የረሃብ ምስሎች ዓለምን አነቃንቀዋል፣ እርዳታም አምጥተዋል። ግን ወሎ ሲባል ለስንት ዓመት ያ ምስል ብቻ ነበር ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው! ዛሬ ደግሞ ዘይት ሲቀበሉ የቀረጻችኋቸውን እናት ቲክቶክ ላይ ስትለጥፉ የልጃቸው የክፍል ጓደኞች ያዩታል። "አስፈቅደናል" አትበሉኝ፤ ዱቄቱ እጃችሁ ላይ እያለ ማን እምቢ ይላል? መጀመሪያ ስጡ፣ ከፈለጋችሁ ከዚያ ጠይቁ። ለሪፖርት የዕቃው ፎቶና የተፈረመበት ወረቀት ይበቃል።

ተረጂን በዘመድ መመዝገብ። ቀይ መስቀል በ1965 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ከታወጁት 7 መርሆዎቹ አንዱ አለማዳላት ነው፤ መለኪያው ችግሩ ብቻ ነው። ይህ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ (የቀብር ዕድር) ሲቀባበር የኖረበት አገር ነው። አክስታችሁ በእርግጥ ከተቸገሩ ይመዝገቡ፣ ግን መዝጋቢው እናንተ አትሁኑ።

የሰሙትን ቡና ላይ ማውራት። የሰው ሕመም፣ በጦርነቱ የደረሰበት ነገር፣ የቤቱ ጉድ ለእናንተ የተነገረው እንድትረዱት ነው። ስም ባትጠሩም ሰፈሩ ያውቀዋል።

በማይችሉት ቃል መግባት። "አብሽሩ እማማ፣ ልጁን እኛ እናስተምረዋለን" ማለት ቀላል ነው፤ ሰው ሲያለቅስ አፍ ላይ የሚመጣውም እሱ ነው። ግን ያንን ቃል ይዘው ወር ሙሉ ቀበሌ ይመላለሳሉ፣ ሌላ በር ማንኳኳቱንም ይተዉታል። "አላውቅም፣ ጠይቄ ሐሙስ እነግርዎታለሁ" በሉ። ሐሙስ ደግሞ መልሱ ባይገኝም ሂዱ።