አምባገነኑን ዝም አሰኙልኝ፦ በሳይንስ ልብ ወለድ ረቂቆች ላይ የማያቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ሳይንስ ልብ ወለድ የሚሞክሩ ልጆች ረቂቃቸውን ያሳዩኛል። አብዛኛው አንድ ሰው ከሥልጣን ጋር ሲጋፈጥ ነው። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። አንዳንዱ ነገር ግን አሁንስ በቃኝ።

ንግግር የሚያደርግ አምባገነን። ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ብቅ ይልና «ሁሉን አያለሁ፣ ሁሉን አውቃለሁ» እያለ ሁለት ገጽ ይደነፋል። ጀግናውም በሌላ ሁለት ገጽ ይመልስለታል። አጭር ልብ ወለድ እኮ ነው! ለመሆኑ ሥልጣን መቼ ነው ራሱን ሲያስረዳ ያያችሁት? እኛ የምናውቀው በመስኮት በኩል፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ይላል። ነገ ስትሄድ ደግሞ «ከላይ የመጣ ነው»። ላይ ያለው ማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። በቃ፣ ይሄን ወደ 2080 ውሰዱትና መስኮቱ ጋ ማሽን አስቀምጡ።

አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው «እግረኛው» በተባለ አጭር ልብ ወለዱ ይህን አሳምሮ ሠርቶታል። ዘመኑ 2053 ነው። ሰው ሁሉ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያፈጥ አንዱ ብቻውን በእግሩ ይንሸራሸራል። የፖሊስ መኪና ያስቆመዋል። ሥራህ ምንድን ነው? ሚስት አለህ? ለምን ወጣህ? መኪናው ውስጥ ሰው የለም። ይዞት ይሄዳል። የደነፋ የለም፤ ጥፋቱም በእግር መሄድ ነው።

ዘመድ አልባ ጀግና። እናት የለው፣ ዕድር የለው፣ ዕዳ የለው። እንዲህ ያለ ሰው ቢያምፅ ምን ይጎድልበታል? አዘዞ ያሉት እናቱ መታወቂያ አይታደስላቸውም ቢባል ግን ያመነታል። ታሪኩ እዚያ ማመንታቱ ውስጥ ነው። ደግሞ ሥልጣን መንግሥት ብቻ አይምሰላችሁ። «የማን ልጅ ነህ? በማታ ወዴት ነው?» የሚል ጎረቤት ከስለላ ካሜራ ይብሳል።

ቴክኖሎጂ ማስተማር። ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ የጠየቃችሁ የለም።

ፋሲል ግቢን የአምባገነኑ ዋና መሥሪያ ቤት ማድረግ። ይገባኛል፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥልጣን ያየ ግቢ ነው። ግን ግንቡ ስላማረ ታሪኩ አይከብድም። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሻላል። ኒውዮርክ ውስጥ የሚኖረውን፣ ጆን የሚባለውን ጀግናችሁን ደግሞ ለቀቅ አድርጉት።

በመጨረሻው አንቀጽ የሚነቃ ሕዝብ። አሥር ገጽ ሙሉ ትንፍሽ ያላለ ሕዝብ ድንገት ተነሥቶ ሰርቨሩን ያቃጥላል። ካቃጠላችሁም እሺ፤ ግን በማግስቱ የእናትየውን መታወቂያ ማን እንደሚያድሰው ጻፉልኝ።