ያረጀ ዋኪዛሺ እንዴት ይፈታል፣ እንዴትስ ይጸዳል?

ዋኪዛሺ የጃፓን አጭር ጎራዴ ነው። የብረቱ ርዝመት ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሳሙራዮች ከረጅሙ ጎራዴ ጋር አጣምረው ይታጠቁት ነበር። ያረጀ ዋኪዛሺ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው መወልወል ነው። እባካችሁ፣ ቆዩ።

ጠረጴዛ ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ብረቱ ከወጣ በኋላ ወሬ የለም፤ የምራቅ ፍንጣሪ ያዝገዋል።

ከአፎቱ ስታወጡት ስለቱ ወደ ላይ ይሁን፣ ጀርባው በእንጨቱ ላይ ይንሸራተት። እጀታው ላይ መኩጊ የምትባል የቀርከሃ ችንካር አለች። በቀጭን ጫፏ በኩል በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ግፏት። ከዚያ የጎራዴውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጉና ትንሽ አጋድሉት። ግራ እጃችሁ እጀታውን ከታች ጨብጦ፣ በቀኝ ጡጫችሁ የግራ አንጓችሁን መታ መታ አድርጉ። ብረቱ ይላቀቃል። አጭር ጎራዴ ቀላል ስለሆነ በኃይል ከመታችሁ ዘሎ ይወጣል። እምቢ ካለ ለባለሙያ ተዉት።

የእጅ መከለያውን፣ ማለትም ጹባውን፣ ከግራና ቀኙ ካሉት ስስ የብረት ቀለበቶች ጋር አውጡ። በወጡበት ተራ ደርድሯቸው። ከተቀያየሩ ስትገጥሙት ይንቀጫቀጫል።

አሁን እጀታው ውስጥ ተደብቆ የኖረውን የብረቱን ጭራ ታያላችሁ። ጥቁር ዝገት ለብሷል፤ አንዳንዴም የአንጥረኛው ስም ተቀርጾበታል። ይህን ዝገት በፍጹም አትንኩት! አዋቂዎች ዕድሜውን ከሚገምቱባቸው ነገሮች አንዱ የዝገቱ ቀለም ነው። አንዴ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ማንም አይመልሰውም።

የሚጸዳው ሌላው ክፍል ነው። ለስላሳ ወረቀት አጥፋችሁ ብረቱን ከጀርባው በኩል ያዙ፤ ከአንገቱ ወደ ጫፉ ብቻ ጥረጉ። አሮጌው ዘይት ሲለቅ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸተውን የቾጂ ዘይት በስሱ ቀቡት። ከበዛ አፎቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

የጎራዴው የብረታ ብረት ጌጦች ላይ ደግሞ ዘይትም ሳሙናም የለም። ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሻኩዶ ከሚባል፣ ጥቂት ወርቅ ከተቀላቀለበት መዳብ ነው። በልዩ ውህድ ተቀቅሎ የቁራ ላባ የመሰለ ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ያወጣል። ቀለሙ ታዲያ ስስ ቆዳ ነው፤ የነሐስ መወልወያ አንዴ ቢነካው ከሥሩ ቀይ መዳብ ብቅ ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ የጌጡ ወለል በደቃቅ ነጠብጣብ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ናናኮ ይሉታል፣ እንደ ዓሣ እንቁላል ስለሚመስል። እያንዳንዷን ነጠብጣብ አንድ ሰው አንድ በአንድ መትቶ ያወጣት ናት። ዩጆ (እ.ኤ.አ. 1440–1512) የጀመረው የጎቶ ቤተሰብ ይህን ሥራ ከአባት ወደ ልጅ እያወረሰ ለሾጉኖች፣ ማለትም ለጃፓን የጦር ገዥዎች፣ ሠርቷል። እንዲህ ያለ እጅ ያረፈበትን ነገር በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን አንሡለት፤ በቃ።

ስትገጥሙ ችንካሯን አስተውሉ። ከተሰነጠቀች ወይም ከላላች በአዲስ ቀርከሃ ቀይሯት፤ ብረቱን እጀታው ውስጥ የያዘችው እሷ ብቻ ናት።