ዋግ የማይነካው ቡና ጣዕሙ ሲጠፋ፦ ችግሩ ከየት ነው? መፍትሄውስ?

ዛፉ ጤነኛ ነው፣ ስኒው ላይ ግን ጣዕም የለም

መጀመሪያ ዝርያውን አትውቀሱ። ያልቀላ ፍሬ ከተለቀመ ወይ አደራረቁ ከተበላሸ የትኛውም ቡና መጥፎ ይቀመሳል፣ ስለዚህ ጣዕሙ የሚታወቅ ዝርያ እዛው ማሳ ላይ አብራችሁ ትከሉና ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅማችሁ፣ እኩል አድርቃችሁ፣ እኩል ቆልታችሁ ቀማሾቹ የቱ የቱ እንደሆነ ሳያውቁ አስቀምሱ። አሁንም ልዩነት ካለ ምክንያቱ ዘሩ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ዋግ (የቡናን ቅጠል የሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ) የሚቋቋሙ ዝርያዎች (ካቲሞር በሉት ሳርቺሞር) አቅሙን ያገኙት ከቲሞር ዲቃላ ነው፣ እሱ ደሞ ሁለቱ የቡና አይነቶች፣ አረቢካና ሮቡስታ፣ በተፈጥሮ ተዳቅለው የወጣ ነው፣ እና የሚፈለገው የሮቡስታ ጂን ብቻውን አይመጣም፣ አጠገቡ ያሉትን የማይፈለጉትንም ጎትቶ ነው የሚመጣው።

መፍትሄው ጥሩ ከሚቀመስ አረቢካ ጋር መልሶ መላልሶ ማዳቀል ነው፣ ግን እባካችሁ ቅምሻውን መጨረሻ ላይ አታድርጉት!! ለኔ ትልቁ ጥፋት እዚህ ጋ ነው፣ ለአመታት በሽታና ምርት ብቻ እየታየ ሲመረጥ ጣዕም ያላቸው ዛፎች ሳይቀመሱ ተጥለው ያልቃሉ። ቡና ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 አመት ይፈጃል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ለቀማ ትንሽም ቢሆን ቅመሱ። ከቲሞር ዲቃላ የመጣ ሁሉ አይጣፍጥም ማለትም ልክ አይደለም፣ ጥሩ የሚቀመሱ አሉ፣ ፈልጎ ማግኘት ነው።

በሽታው ሲቢዲ ከሆነ ደሞ (ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ የሚያጠቁረው) ሮቡስታ ጋ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ ጅማ ያሉት ተመራማሪዎች ከአገሩ አረቢካ መሀል የሚቋቋሙትን እናት ዛፎች ለይተው መረጡ፣ 74110 እና 74112 የወጡት እንደዛ ነው፣ እና እስካሁን በጣዕማቸው ይፈለጋሉ።

ሲቋቋም የነበረው ዝርያ በዋግ ተያዘ

ፈንገሱ ተለውጧል ማለት ነው። ሆንዱራስ ውስጥ ሌምፒራ የሚባለው ዝርያ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። በአንድ ጂን ብቻ አትተማመኑ፣ የተለያዩ የመቋቋም ጂኖች አንድ ዛፍ ላይ ሰብስቡ፣ ማሳውንም በአንድ ዝርያ አትሙሉት።

ከኤፍ ዋን ሃይብሪድ የተወሰደ ዘር ዝብርቅርቅ ችግኝ አወጣ

ኤፍ ዋን ማለት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የሚወጣው የመጀመሪያ ትውልድ ነው፣ ከሱ ዘር ሲወሰድ ጂኖቹ ስለሚበታተኑ ግማሹ ይታመማል ግማሹ ጣዕሙን ያጣል። ከዘሩ አታባዙ፣ ከዛፉ በሚቆረጥ ቁርጥራጭ ወይ በቲሹ ካልቸር (ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ ላብራቶሪ ውስጥ በማሳደግ) ብቻ።