ለስላሳ ኮራል ሲኮማተር፣ ሲነጣና ሲበሰብስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በቤት የጨው ውኃ ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ የሚያዘው ለስላሳ ኮራል የተባለው የባሕር እንስሳ እንደ ጠንካራው ኮራል ድንጋይ መሰል አጽም ስለማይገነባ ቅርፁን የሚጠብቀው በዋናነት በሰውነቱ ውስጥ በያዘው ውኃ ነው፤ ስለዚህ ምቾት ሲጎድለው አስቀድሞ የሚታየው መኮማተር ነው። መኮማተር ብቻውን ግን በሽታ አይደለም። መንስኤው ሳይታወቅ ማዳኛ ነው የተባለውን ሁሉ ወደ ውኃው መጨመር ከበሽታው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

አንዱ ብቻ ተዘግቶ ቆዳው ሲያብረቀርቅ

ይህ በተለይ እንጉዳይ በሚመስለው ሌዘር ኮራል ላይ ይታያል። ፖሊፖቹ (በላዩ የሚታዩት አበባ መሰል ትናንሽ አካላት) ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ላዩም ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ከቀናት በኋላ ያ ስስ ልባስ ከጠርዙ ተልጦ በውኃው ይንሳፈፋል። ኮራሉ በላዩ ያረፈውን አልጌና ቆሻሻ የሚያራግፈው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ አንዳንዴ ከሳምንት በላይ ይወስዳል። የሚያስፈልገው ልባሱን ጠርጎ የሚወስድ፣ ነገር ግን በአንድ አቅጣጫ የማይገርፍ የውኃ እንቅስቃሴ ነው። ልባሱን በጣት አይላጡት።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲኮማተሩ

እዚህ ላይ ተጠርጣሪው ውኃው ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የጨዋማነቱ መለኪያ የሆነው አንጻራዊ ጥግግቱ ከ1.025 እስከ 1.026፣ አልካላይኒቲው (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የዚሁ መለኪያ አሃድ) መሆኑን ይለኩ። ውኃ ሲተን ጨው ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የጎደለውን በጨው ውኃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው ጨዋማነቱን ከፍ ያደርጋል፤ መተካት ያለበት በተጣራ ንጹሕ ውኃ ነው። የተዛባውንም በአንድ ቀን ለማቃናት አይሞክሩ፤ ጥግግቱ በቀን ከ0.001 በላይ ባይለወጥ ይመረጣል።

ልኬቱ ሁሉ ትክክል ከሆነ ኮራሎቹ እርስ በርስ እየተመራረዙ ሊሆን ይችላል። ሌዘር ኮራልና ሲኑላሪያ የተባለው ለስላሳ ኮራል የጎረቤቶቻቸውን ዕድገት የሚገታ ኬሚካል ወደ ውኃው ይለቃሉ። ታጥቦ የገባ አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን (ኬሚካሉን የሚመጥ ከሰል) እና ከፊል የውኃ ቅያሪ ብዙውን ጊዜ ይረዳሉ። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ገብቶ ከሆነ ግን ኮራሎቹን ወዲያውኑ ወደ ሌላ ገንዳ ያዛውሩ።

ሲነጣ ወይም ወደ ላይ ሲንጠራራ

ነጭነት በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ አልጌዎች መውጣታቸውን ያመለክታል፤ መንስኤውም በአብዛኛው ድንገት የበዛ ብርሃን ወይም ሙቀት ነው። ዝቅ ወዳለ ቦታ ያውርዱትና ብርሃኑን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ቀጥኖ የሚንጠራራው ደግሞ ብርሃን አንሶታል። ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉት ንጥረ ምግቦች ፈጽሞ ዜሮ የሆኑበት ገንዳም ኮራሉን በረሃብ እንደሚያከሳ አይዘንጋ።

ሥጋው ሲቀልጥና ሲሸት

በዚህ ጊዜ መጠበቅ አይገባም። ኮራሉን ከገንዳው የጨው ውኃ በተቀዳበት ሌላ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡና የበሰበሰውን ክፍል ከጤነኛው ሥጋ ጥቂት ጨምረው በስለታም ንጹሕ ምላጭ ይቁረጡ። አለቅልቀው ከመለሱት በኋላ ካርቦኑን ይቀይሩ። ዞአንተስና ፓሊቶአ የተባሉት የኮራል ዘመዶች ፓላይቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ በነዚህ ላይ ሲሠሩ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ የበቀሉበትን ድንጋይም በምንም ምክንያት አይቀቅሉ፣ የፈላ ውኃም አያፍስሱበት፤ እንፋሎቱ መርዙን ወደ ሳንባ ያደርሳልና።