ለአዳር ጉዞ ካያክ እንዴት ይጫናል? ሁለት ቀን በሎጎ ሐይቅ ዙሪያ

ሎጎ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር። ባዶ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ቀላል ጀልባ) የያዘ ጎበዝ ቀዛፊ ዳርዳሩን በአንድ ቀን ይዞረዋል። አዳር ሲጨመር ግን ትልቁ ሥራ ጭነቱ ነው።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። ክረምቱ አይታሰብም፤ የወሎ በልግም አይታመንም።

ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውኃ ይያዙ፤ ለሁለት ቀን 8 ኪሎ መሆኑ ነው። በጄሪካን አይሁን፤ ሲጎድል ውስጡ እየተንቦጫረቀ ካያኩን ያወዛውዛል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አራት ይሻላል። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ፤ እሳት ባይኖርም ይበላሉ።

አህያ የጫነ ሰው ግራና ቀኙን ማመጣጠን ያውቃል፤ ካያክ ላይ ፊትና ኋላም አለ። አፍንጫው ከከበደ የጎን ነፋስ ጭራውን ይገፋና ካያኩ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ጭራው ከልክ በላይ ከከበደ ደግሞ አፍንጫው ብድግ ብሎ ነፋስ ይወስደዋል። በሁለቱም ጊዜ አቅጣጫን ለመጠበቅ በአንድ ወገን ብቻ ሲቀዝፉ መዋል ነው፤ ትከሻ የሚያልቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ውኃና ስንቁን ለሁለት ከፍሎ ከመቀመጫው ፊትና ኋላ፣ ወደ መቀመጫው አስጠግቶ፣ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ። ድንኳንና ልብስ ቀላል ናቸውና ወደ ጫፎቹ ይሂዱ። ከላይ፣ በካያኩ ጀርባ ላይ ዕቃ መከመር በቀላሉ ያስገለብጠዋል።

ሲጨርሱ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ላይ ይቀመጡበትና ሌላ ሰው ከጎን ይይልዎት። ጭራው ከአፍንጫው ጥቂት ጠለቅ ካለ ልክ ነው፤ ካልሆነ አንድ ሃይላንድ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስትጠጡም ከፊትና ከኋላው እያፈራረቃችሁ ነው።

ውኃ የማያስገባ ከረጢት ከሌለ ወፍራም ፌስታል ደርቦ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ አፉን ጠምዝዞና አጥፎ ማሰር። ማዳበሪያ ብቻውን አያድንም። ጋቢ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ የሎጎ ሌሊት ደግሞ ብርድ ነው፤ ሦስተኛ ፌስታል ቢጨመርለት አይበዛበትም።

ማለዳ 12 ሰዓት ተነስተው ነፋሱ ሳይበረታ፣ እስከ 5 ሰዓት ያብቁ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ አይወልቅ። የመረብ ተንሳፋፊ ካዩ ዞረው ይለፉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ጥንት ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም፣ ወንድም ሳያስፈቅድ በዳርቻው አይውረድ።

ማደሪያውን የአካባቢውን ሰው ጠይቀው ይምረጡ። ካያኩን ከውኃ ከማውጣትዎ በፊት ጭነቱን ያራግፉ፤ እንደተጫነ በሁለት ጫፉ ይዞ ማንሳት ወገቡን ይሰነጥቀዋል።