የሩቅ ራዲዮ ጋላክሲን የከበበ የሚያበራ የጋዝ ደመና በላፕቶፕ እንዴት ማየት ይቻላል?

መሃሉ ላይ ያለው ግዙፍ ብላክ ሆል ጋዝ ሲውጥ፣ በሁለት በኩል ኃይለኛ ጄት (በጣም ፈጣን የቅንጣቶች ፍሰት) የሚረጭና በራዲዮ ሞገድ በጣም ደምቆ የሚታይ ጋላክሲ ራዲዮ ጋላክሲ ይባላል። በጣም ሩቅ ያሉት ብዙ ጊዜ በሚያበራ ሰፊ የሃይድሮጅን ደመና ተከበዋል። በተራ ፎቶ ግን ደመናውን አታገኙትም። ብርሃኑ በአንድ ጠባብ ቀለም ላይ ስለተከማቸ በሌላው ብርሃን ይዋጣል። ስለዚህ ያንን ቀለም ለብቻው ማውጣት አለባችሁ። ቴሌስኮፕ መግዛት አይጠበቅባችሁም።

ለምሳሌ 4ሲ+04.11 (4C+04.11) የተባለውን ራዲዮ ጋላክሲ እንውሰድ። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከ12 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል፤ ሬድሺፍቱ፣ ማለትም በመንገድ ላይ የብርሃኑ ሞገድ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚናገረው ቁጥር፣ 4.5 ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን አስሉ። ሃይድሮጅን የሚያወጣው ላይማን አልፋ የሚባለው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 121.6 ናኖሜትር ነው። ይሄ አልትራቫዮሌት ስለሆነ ከባቢ አየራችን አያሳልፈውም። ደግነቱ ጽንፈ ዓለም ሲሰፋ ሞገዱም አብሮ ተለጥጧል። ሬድሺፍቱ ላይ 1 ደምሩና በ121.6 አባዙት፤ ወደ 670 ናኖሜትር ይመጣል። በዓይን የሚታይ ቀይ ሆነ ማለት ነው! እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ዳታውን አውርዱ። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ (ኢኤስኦ) መዝገብ ለሁሉም በነፃ ክፍት ነው። የጋላክሲውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ሚውዝ የተባለው መሣሪያ ያነሳውን፣ ተስተካክሎ ያለቀውን ፋይል ምረጡ። መሣሪያው ያለው ቺሊ ውስጥ፣ ፓራናል ተራራ ላይ ነው። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፣ ጥሩ ዋይፋይ ፈልጉ።

ፋይሉን ኪውፊትስቪው በሚባል ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት። የምታገኙት አንድ ፎቶ ሳይሆን እንደ ተቆረጠ ዳቦ የተደረደሩ ከ3 ሺህ በላይ ፎቶዎች ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ ቀለም አለው። የሞገድ ርዝመቱ በአንግስትሮም (10 አንግስትሮም 1 ናኖሜትር ነው) ከተጻፈ 6700 አካባቢ ሂዱ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ከ668 እስከ 672 ናኖሜትር ያሉትን ፎቶዎች አማካይ አውጡ፣ ከዚያ ራቅ ብለው በግራና በቀኝ ያሉትን፣ ለምሳሌ 650 እና 690 አካባቢ ያሉትን፣ አማካይ ቀንሱለት። ከዋክብቱና ሌሎቹ ጋላክሲዎች በአብዛኛው ይጠፋሉ፣ ደመናው ይቀራል። ደብዛዛ ከሆነባችሁ ምስሉን ትንሽ አለስልሱት። ሌላ ጋላክሲ ስትሞክሩ ግን ከ557.7 እና ከ630 ናኖሜትር ተጠንቀቁ፤ እዚያ የሚያበራው የራሳችን ከባቢ አየር ነው፣ ምስሉን ሙሉ ይሸፍነዋል።

በመጨረሻ ደመናው ላይ የተለያዩ ቦታዎችን እየነካችሁ ስፔክትረሙን፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንዳለ የሚያሳየውን ግራፍ፣ አወዳድሩ። እዚህ ጋ የ1 ናኖሜትር ልዩነት በሰከንድ ወደ 450 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ልዩነት ነው። በእንዲህ ዓይነት ጋላክሲዎች ጄቱ አጠገብ ያለው ጋዝ ብዙ ጊዜ በጣም ይናወጣል፣ ዳር ያለው ይረጋጋል። ግራፉ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የላይማን አልፋ መስመር መሃል ላይ የተቦረቦረ መስሎ ብታዩት የዳታ ስህተት አይምሰላችሁ፤ ከፊት ለፊቱ ያለ ቀዝቀዝ ያለ ሃይድሮጅን ብርሃኑን ስለዋጠው ነው።